ሳይጠይቃት

ሠናይትን ባለፈው ሳምንት የተውናት ከስፌት መኪናዋ ፊት ነበር፤ ዛሬም የምናገኛት እዚያው ነው። ወዴትስ ትሄዳለች? ደብረ ታቦር ክረምት ከገባ ከጉና የሚወርደው ጉም በቀትርም መንገዱን ይጋርደዋል። ባጃጆቹ መብራት አብርተው ይሄዳሉ፣ ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ደግሞም ሰው ከቤቱ የሚወጣው የሚሄድበት ደጅ፣ የሚጠብቀው ሰው ሲኖረው ነው። ሠናይትን የሚያስወጣት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር።

ታሪኩን ዛሬ ለሚጀምር አንባቢ ባጭሩ ልንገረው፤ ረጅሙን መናገር እኔንም ያመኛል። ሠናይት የመምህር አለሙ ልጅ ናት። ከጉና ደጋ የመጣ ምሕረትአብ የሚባል ዲያቆን ወደዳት፣ ወደደችውም። የከተማ መምህር ልጅና የገብስ ገበሬ ልጅ ናቸውና የሁለቱም ዘመድ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። ኋላ ግን ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ፣ ጥሪ ተጠራ። የሚጋቡት በተክሊል ነበር፤ ዲያቆን ለቅስና የሚበቃው ድንግል አግብቶ ነዋ።

በሠርጉ ሳምንት ወሬ መጣ። «ልጅቱ ወንዛዬ ፍል ውኃ ከወንድ ጋር አንድ ጎጆ አድራለች» የሚል። የሙሽራው እናት እመት ማሬ ይህን ሰሙና ልጃቸውን ጠርተው፣ «ደጇን ብትረግጥ፣ አንዲት ቃል ብትተነፍሳት በጊዮርጊስ ገዝቼሃለሁ» አሉት። ግዝት የቀልድ ነገር አይደለም፤ ለዲያቆን ደግሞ ጭራሽ። ምሕረትአብ ቀረ። ለሠርጉ የተጠመቀውን ጠላ እድሩ ለሌላ ሰው ተዝካር ወሰደው። መምህር አለሙ ያን ዓመት አልተሻገሩትም፤ ውርደቱንም ሕመሙንም ይዘው አረፉ።

ጎጆው ውስጥ የነበረው ወንድ ማሩ ነው፣ የሠናይት የአጎቷ ልጅ። መምህር አለሙ ወገባቸው ተይዞ መራመድ አቅቷቸው ነበርና ማሩ በጀርባው አዝሎ ወደ ውኃው ያወርዳቸዋል፣ እሷ ታጥባቸዋለች። በእኛ አገር የአጎት ልጅ ወንድም ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እውነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ማንም አልጠየቃትም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ክረምት ነው። ሠናይት የሰው ሙሽራ ካባ ትሰፋለች፣ ጥልፉን ትጠልፋለች፣ ሙሽሮቹ ለልክ ሲመጡ «ያምርብሻል» ትላለች። የአባቷን ብርጭቆ ማንም ሳይጠጣበት በየቀኑ አጥባ ትደፋዋለች። ቂሟ አብሯት ይበላል፣ አብሯት ይተኛል። ክፉ ባልንጀራ መሆኑን አላጣችውም፤ ሌላ ማን ቀረላት?

ቤተ ክርስቲያን ቆማ «አባታችን ሆይ» ሲባል ከሰው ጋር ትላለች። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ቃል ላይ ሲደረስ ግን አፏን ትዘጋለች። እግዚአብሔርን መዋሸት አልፈለገችም። ቃሉ ሲያልፍ ከኋላው ተመልሳ ትገባለች፤ ማንም ነቅቶባት አያውቅም።

*

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ እየዘነበ በሩ ተንኳኳ።

«ክፍት ነው፣ ይግቡ» አለች ሠናይት ልክ ሊለካ የመጣ ሰው መስሏት።

የገባ የለም። ተነሥታ በሩን ስትከፍት አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ደጁ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ከሰውነታቸው ተጣብቋል። ማጅራታቸው ላይ የወንዝ ድንጋይ ተሸክመው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ፊታቸው ወደ መሬት ነውና አላየችውም፤ ድምፁን ግን የትም ቢሆን ትለየዋለች።

«ማሪኝ ልጄ። ስለ ክርስቶስ ብለሽ ማሪኝ።»

እመት ማሬ ነበሩ።

የአገሩን ደንብ ታውቃላችሁ። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን እስኪያወርድለት ድረስ ቀና አይልም። ግን እንዲህ ያለው ነገር የሚደረገው ሽማግሌና ቄስ ባለበት ነው። ሠናይት ግራ ቀኝ አየች፤ ሰው የለም።

«ሽማግሌዎቹስ?» አለች።

«ሽማግሌ ይዤ ብመጣ እነሱን አፍረሽ ትታረቂኝ ነበር። እምቢ ማለት ብትፈልጊ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው ብቻዬን መምጣቴ።»

ሠናይት ከዝናቡ እንዲገቡ በሩን ለቀቀችላቸውና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ተቀመጠች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መኪናዋን መርገጥ ጀመረች። አዎ፣ አሮጊቷን እንዳጎነበሱ ትታ የሰው ካባ ትሰፋ ጀመር። ጨካኝ የሚላት ካለ፣ እሷ የቀመሰችውን አንድ ቀን ቀምሶ ይናገር።

እመት ማሬ ከድንጋዩ ሥር፣ ከመኪናው ድምፅ በላይ ተናገሩ።

«በዐቢይ ጾም ጉልበቴ አላስኬደኝ ቢል ወንዛዬ ወረድሁ። ውኃው ውስጥ ተቀምጬ ጎጆ ከምታከራየዋ ሴት ጋር ስንጨዋወት፣ ‹አባቷን እንደ ሕፃን የምታጥብ የደብረ ታቦር ልጅ እዚህ ነበረች። የአጎቷ ልጅ እያዘለ ያወርድላት ነበር። ምነው ለእኔም እንዲህ ያለች ልጅ በሰጠኝ› አለችኝ። ስሟን ጠየቅኋት። ስምሽን ስትጠራው፣ ያ እንፋሎት የሚወጣው ውኃ በረደኝ፣ ልጄ።»

መኪናው አላቆመም።

«ለነፍስ አባቴ ነገርሁ። ‹መባሽን ተይውና መጀመሪያ የበደልሻትን ሄደሽ ታረቂ፤ እንዲህ ሆነሽ ለፍልሰታ አትቆርቢም› አሉኝ። እኔ አሮጊት ነኝ። ለከርሞ ፍልሰታ መድረሴን አላውቅ።» ድምፃቸው ወረደ። «ደግሞ የእኔ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ምሕረትአብ ያኔውኑ ቤቱን ትቶ ጣራ ገዳም ገባ። እንጨት ይፈልጣል፣ ውኃ ይቀዳል። ዘንድሮ ቆብ ሊደፋ ነበር። አበምኔቱ፣ ‹ያስቀየምሃት ሴት አለች። ከሰው ሸሽቶ የመጣ ስደተኛ ነው እንጂ መነኩሴ አይደለም። ሂድና ይቅር ካለችህ ተመለስ› ብለው ሰደዱት።»

ክሩ ተበጠሰ። ሠናይት እግሯን አነሣች።

«የት ነው?»

«በር ላይ፣ በቅሎዬን ይዞ። ግዝቱን ፈርቶ አይገባም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሠናይት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ነገሩ በአንድ ጊዜ ገባት። ይቅር ካለችው ይሄዳል፤ ቆብ ይደፋል፤ ለዘላለም ይሄዳል። ይቅር ካላለችው ግን ገዳሙ አይቀበለውም። ባትፈልገውም፣ ባያገባትም፣ በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ ጋር በአንድ ነገር እንደታሰረ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከልቧ በመውጣቱ ደነገጠች። ይበልጡን ያስደነገጣት ግን መጣፈጡ ነበር።

የአሮጊቷ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየች። ፍል ውኃ ያላዳነው ጉልበት።

ተነሥታ ሄደችና ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሣችው። ከባድ ነበር፤ እንዴት ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጅ እንደተሸከሙት አልገባትም። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እመት ማሬ» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነው፤ ቃሉ ግን እውነት ነበር። «ለአንቱ ከልቤ ነው። ቀና ይበሉ። ይቁረቡ።»

እመት ማሬ ቀና ማለት አቅቷቸው እንዳጎነበሱ የሠናይትን ጉልበት ሳሙ። «እሱንስ?» አሉ እዚያው ሆነው።

«እሱ አፍ የለውም? ራሱ ይጠይቀኝ።»

*

ሁለቱ ሴቶች በዝናቡ ወደ አጥሩ በር ወጡ። ሠናይት ድንጋዩን ለምን እንዳላስቀመጠችው አታውቅም፤ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር።

ምሕረትአብ ከበሩ ውጭ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ቆሟል። ከስቷል። ጢም አብቅሏል። እጁ እንጨት የሚፈልጥ ሰው እጅ ሆኗል። ዓይኑ ብቻ ያው የድሮው ነው፤ ሲያያት ደግሞ እንደ ድሮው መጀመሪያ መሬት አይቶ ነው ቀና ያለው። ሠናይት ያን አስተያየት የረሳችው መስሏት ነበር።

«ምሕረትአብ» አሉ እመት ማሬ ጮክ ብለው። «በዚች ልጅ ላይ ያሰርሁህን ግዝት በፊቷ ፈታሁት። ውሸት አምኜ ነው የገዘትሁህ፤ ጊዮርጊስም ይፍታኝ።» ብለውም በቅሎዋን ይዘው ትንሽ ራቅ አሉ።

ምሕረትአብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን ቃል የሚያፈስሰው መሰላት።

«እንዴት ነሽ?» አለ።

ሠናይት ሳትፈልግ ሳቀች። መራራ ሳቅ ነው። «ደህና ነኝ። ካባ እሰፋለሁ። አባቴ ሞተ። አንተስ?»

«ሰምቻለሁ። መቃብራቸው ላይ ሄጄ…»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች አቋርጣው። «ግዝቱ አፍህን አሰረው፣ እግርህን አሰረው። ይሁን። ልብህን ግን እናትህ አልገዘቱትም። ያን ወሬ ሲነግሩህ፣ ልብህ አመነ ወይስ አላመነም?»

እዚህ ላይ ብዙ ወንድ ይዋሻል። «ከቶ አላመንሁም» ቢላት ያኔውኑ ትምረው ነበር፤ እሷም ይህን እንዲላት ነበር የጠየቀችው። ሦስት ክረምት ያኖራት አንድ ተስፋ እሱ ነው። ታሰረ እንጂ አልካደኝም የሚል።

«አመንሁ» አለ ምሕረትአብ።

ሠናይት ድንጋዩን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ያን ክረምት ሙሉ አመንሁ። ኋላ ተጠራጠርሁ፣ ኋላም አፈርሁ። ግዝቱ መደበቂያ ሆነኝ፤ ‹ተገዝቼ ነው› እላለሁ ለሰው። እውነቱ ግን ሳልጠይቅሽ አመንሁ። ከእናቴ በደል የኔው ይብሳል፤ እሳቸው አያውቁሽም ነበር፣ እኔ ግን አውቅሽ ነበር።»

ብሎ ድንጋዩን ሊቀበላት ጎንበስ አለ። ማጅራቱን አየችው፤ ዝናቡ ይወርድበታል። አንድ ጊዜ ልትዳብሰው ቃጣት። እጇን ሰበሰበች።

«ተወው» አለችው። «ለእናትህ ድንጋይ በቃቸው፤ ላንተ ግን ድንጋይ አይበቃህም። ቆብህን ያለ እኔ ፈልገው።»

ድንጋዩን እንዳቀፈች በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታ ተደገፈችው። ከማዶ እሱም አልሄደም፤ የበቅሎዋ ኮቴ አልተሰማም። በመካከላቸው ያለው አንድ ሳንቃ ነበር። እንዲያ ቆመው ሁለቱም አለቀሱ፤ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ።

*

መምህር አለሙ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በአልጋቸው ላይ ሳሉ አንድ ቀን ልጃቸውን ሲያዩ ቆይተው፣ «ሠናይት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው» ብለዋት ነበር። ያኔ ተናዳባቸው ነበር። ለእሳቸው ብላ የያዘችውን ቂም ጣዪ የሚሏት ምን ሆነው ነው? አሁን ግን ያ አነጋገራቸው ሁለት ቀን ሙሉ ከጆሮዋ አልጠፋም። መኪናዋን ስትረግጥ ይመጣል፤ ብርጭቋቸውን ስታጥብ ይመጣል።

ሱባዔው በሚፈታበት ቀን ነጠላዋን ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በሴቶቹ በኩል እመት ማሬ ቆመዋል፤ ጉልበታቸው አልችል ብሎ በመቋሚያ ተደግፈዋል። ሠናይት ሳታስበው ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች። አጠገባቸው የነበሩ ሴቶች ተያዩ፤ የደብረ ታቦር ሴት ለመተያየት ምክንያት አጥታ አታውቅም።

ሕዝቡ «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመረ። ሠናይትም አለች። ያ ቃል እየቀረበ ሲመጣ እንደ ልማዷ አፏን ልትዘጋ ነበር። ያኔ ነው እጇን ያየችው። የእመት ማሬን ክንድ የያዘችበትን እጅ። እኚህ ሴት ልጃቸውን በግዝት አስረው ሦስት ዓመት አኖሩት። እሷስ ምን እያደረገች ነው? ይቅርታዋን ከልክላ ልታስረው አይደለም? በደሉ ስለበዛባት ነው ብላ ነበር፤ እውነቱን ስትናገር ግን እንዳይሄድባት ነው። ሁለተኛ ግዝት ገዝታዋለች፣ ያውም በጊዮርጊስ ሳይሆን በገዛ ብቸኝነቷ።

ደግሞ «አመንሁ» ያለው ትዝ አላት። ውሸት ቆብ በሚያስገኝለት ሰዓት እውነቱን ተናግሮ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ነው።

«እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» አለች ሠናይት። ድምፅዋ አልሰምር ብሎ ከሰው ኋላ ቀረ፤ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ሰሟት። ግድ አልሰጣትም። በዚያው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

እመት ማሬ ቆረቡ። እስከ በሩ የደገፈቻቸው እሷ ናት።

*

ሰው ሲወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ምሕረትአብ ቅጽሩ ውስጥ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆሟል። ስንቁን ለመንገድ አንግቷል፤ እናቱን ጉና አድርሶ ወደ ማያውቀው ሊሄድ ነው። ሠናይት ጭቃውን እየረገጠች በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች።

«ምሕረትአብ።»

«አቤት።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። ያመንኸውንም ያልጠየቅኸኝንም። ስለ አባቴም ይቅር ብያለሁ።» ቃሉን እስክትጨርስ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀብራ ነበር። «ሂድ፣ ቆብህን ድፋ። ከእንግዲህ በእኔ በኩል የሚይዝህ የለም። በጸሎትህ አስበኝ።»

መልስ አልጠበቀችም። ዞራ ወደ ቅጽሩ በር ሄደች። ደረቷ ቀልሏል፤ ቀላልነቱም አስፈራት። እስከ ዛሬ ቢያንስ ቂሟ አብሯት ነበር። አሁን እሱም የለም፤ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት የስፌት መኪናና የአባቷ ብርጭቆ ብቻ ነው። እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

«ሠናይት!»

የተጣራው እሱ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ ቄሱም ሽማግሌውም፣ ያን ወሬ ከቤት ቤት ያዞረውም ባለበት። ሰው ሁሉ ቆመ።

«ወንዛዬ» አለ ምሕረትአብ፤ «ጎጆው ውስጥ አብሮሽ የነበረው ሰው ማን ነበር?»

የሚያውቀውን ነው የጠየቃት። እናቱ ነግረውታል፤ አሁን አገሩም ያውቃል። ሠናይት ግን ያቺ ጥያቄ ምን እንደሆነች ገባት፤ ሦስት ዓመት ስትጠብቃት የኖረችው ናት። ዘግይታ፣ ጭቃ ተራምዳ መጣች።

«ማሩ ነው» አለች። እንባዋ ቢወርድም አልጠረገችውም። «የአጎቴ ልጅ። አባቴን ያዝልልኝ ነበር።»

«አመንሁሽ» አለ።

ከዚያ እሷ ናት የተናገረችው፤ ድምፅዋ ውስጥ የድሮዋ ቀልደኛ ሠናይት ብቅ ብላ ነበር። «ቆቡስ?»

«ቆቡ ጣራ ገዳም ነው፤ እኔ እዚህ ነኝ። እሸሽበት የነበረው ነገር ዛሬ ተነሣልኝ። ሸሽቼ ካልሆነ ደግሞ ለምን እንደምሄድ አጣሁት።» መሬት አየና ቀና አለ። «ሌላም የምጠይቅሽ ነገር አለኝ። መልሱን ግን ፈራሁት።»

«ፍራ» አለችው። «እኔም ስፈራ ነው የኖርሁ። እናትህን አድርሳቸው። ስትመለስ ደጄን ታውቀዋለህ፤ ግዝትም የለበት።»

እመት ማሬ ቆርበው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋልና አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በበቅሎዋ አንገት ተደግፈው ዝም ብለው ያለቅሱ ነበር።

ሠናይት በጭቃው መንገድ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ጉሙ ያው ነው፤ ቤቱም ባዶ ነው። ገብታ የአባቷን ብርጭቆ አጠበችና ሳትደፋው ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የምትጠብቀው ሰው እንዳላት ሴት መንገዱን ታይ ጀመር።